ምዕራፍ አራት፦ መርዶ በስልክ አይነገርም

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አባት ሌሊት አረፉ እንበል። ወንድ ልጃቸው የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ወሬው ከሆስፒታሉ ኮሪደር ተነስቶ አሜሪካ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። ዳላስ ያለው የአጎቱ ልጅ ሰምቷል፣ ሲያትል ያለችው የእህቱ ልጅ ሰምታለች፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞቹ ሰምተዋል፣ ከዓመታት በፊት ደባሉ የነበረው ታክሲ ነጂ እንኳ ሰምቷል። ያልሰማ ሰው ቢኖር ልጁ ብቻ ነው።

በዚያ ምሽት ስልኮች ሥራ አይፈቱም። ቤቱን ደህና አድርጎ የሚያውቀው ማነው? ሚስቱ ነገ ሥራ ገቢ ናት? ደም ግፊት አለበት የሚባለው እውነት ነው? ማንም ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ እንዳይለጥፍ ለሁሉም ይነገር። ልጁ ራሱ ደውሎ «አባዬ ስልክ አላነሳ አለኝ፣ ምን ሆኖ ነው?» ካለ ደግሞ «ትንሽ አሟቸው ሆስፒታል ገብተዋል» ይባላል። ጎህ ሲቀድ ስድስት ሰባት ሰው ተጠራርቶ በሩን ያንኳኳል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲያያቸው የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። «ማነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

ነገሩ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ከሐረር አዲስ አበባ የስልክ መስመር ካስዘረጉበት ጊዜ አንስቶ በመገናኛ መሣሪያ ላይ የተደከመው ሁሉ ወሬ እንዲፈጥን ነው። እነዚህ ሰዎች ግን እጅግ ፈጣኑን ስልክ በኪሳቸው ይዘው ወሬውን ሆን ብለው ያዘገዩታል። እግር እስኪደርስ ይጠብቁታል። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም ልማዱን ይዘውት ሄደዋል። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የውቡዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ በጻፉት ጽሑፍ፣ ሐኪሞች ለኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ክፉ ዜና በቀጥታ ሲነግሩ የሚፈጠረውን ችግር አስረድተዋል። ዜናው አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ቢደርስና በእነርሱ በኩል ቢነገር እንደሚሻል መክረዋል።

ይህን የድሮ ሰው ወግ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ እንደማየው ግን መርዶ የሚያረዱ ሽማግሌዎች ስክሪን ምን እንደሚያደርስና ምን እንደማያደርስ ከብዙ የቴክኖሎጂ ባለሙያ አስተካክለው ያውቃሉ። ሰዎቹ በር ላይ የቆሙት «አባትህ አረፉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለማድረስ ቢሆን አንድ መልእክት ይበቃ ነበር። የመጡት ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ ለሚሆነው ነው። ልጁ ይወድቃል ወይስ ዝም ይላል? ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል ወይስ «ቁርስ በሉ» ብሎ ማስተናገድ ይጀምራል? ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ፊቱን እያዩ የሚቀጥለውን ቃል የሚመርጡ፣ ክንዱን የሚይዙ፣ ልጆቹን ወደ ጎረቤት የሚወስዱ ሰዎች እዚያው መኖር አለባቸው።

ክንድ መያዝ ሲባል ምን ያህል እንደሚሠራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ታይቷል። ጄምስ ኮአንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት 16 ባለትዳር ሴቶች በየተራ ኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ እንዲተኙ ተደረገ። ከፊታቸው የሚበራ ምልክት ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ያስጠነቅቃቸዋል። በዚያ የፍርሃት ቅጽበት አንዳንዴ የባላቸውን እጅ ይዘዋል፣ አንዳንዴ የማያውቁትን ሰው እጅ፣ አንዳንዴ የማንንም አልያዙም። ምንም እጅ ሳይዙ ሲቀሩ አደጋን የሚጠባበቁት የአንጎል ክፍሎች በኃይል ሠሩ። የባዳ እጅ ሲይዙ ጥቂት ረገበ። የባላቸውን እጅ ሲይዙ ይበልጥ ረገበ፤ ትዳራቸው የሰመረላቸው ሴቶች ደግሞ ከሁሉም በላይ ተረጋጉ። መርዶ ሊያረዳ ከሚሄደው ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንዱ የልብ ወዳጅ መሆን አለበት የሚባለው ለወጉ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስልክ ዋጋ የለውም ለማለት ግን አይቻልም። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዋ ሌስሊ ሴልትዘርና ባልደረቦቿ ልጃገረዶችን በማያውቋቸው ሰዎች ፊት ንግግር እንዲያደርጉና ሒሳብ እንዲሠሩ አድርገው ካስጨነቋቸው በኋላ ከእናታቸው ጋር አገናኟቸው። ከፊሎቹ እናታቸውን በአካል አገኙ፣ ከፊሎቹ በስልክ ድምፅዋን ሰሙ፣ ከፊሎቹ በኮምፒውተር መልእክት ተጻጻፉ፣ ከፊሎቹ ማንንም አላገኙም። በአካል የተገናኙትም በስልክ ያወሩትም ሰውነታቸው ኦክሲቶሲን የሚባለውን ሆርሞን አመነጨ፤ የጭንቀት ሆርሞናቸውም ወረደ። በጽሑፍ የተጻጻፉት ልጃገረዶች ግን ማንንም ካላገኙት ብዙም አልተለዩም። እናትየዋ የጻፈችው ቃል ማጽናኛ ነበር፤ የልጅቷ ሰውነት ግን እንደ እናት አልቆጠረውም። ስለዚህ ለወዳጁ በሐዘኑ ሰዓት አበባና የተጣመሩ እጆች ምስል ልኮ የሚተኛ ሰው ቢያንስ ይደውል። ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ዘመን ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ሳለ ወላጆቻቸው ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ የቆዩ ሰዎች፣ አንዲት «ሄሎ» ምን እንደምትመዝን ለማንም ያስረዳሉ።

ድምፅ ይህን ያህል ከሠራ፣ ምስል ሲጨመርበት ከአካል ጋር ሊተካከል ነው ብለን ልንጠብቅ እንችላለን። ነገር ግን መንገዱ ላይ አንድ ትንሽ ሌባ አለ፤ እሱም መዘግየት ነው።

ሰዎች ሲያወሩ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2009 ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ ከጃፓንኛ እስከ ዴንማርክኛ፣ ከላኦስ እስከ ናሚቢያ በሚነገሩ 10 ቋንቋዎች ላይ ሰዎች ለጥያቄ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመልሱ ለኩ። ባህሉ የቱንም ያህል ቢራራቅ አማካዩ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሆነ፤ ዓይን እስኪጨፈን ማለት ነው። የሚያስገርመው፣ አንድን ቃል አስቦ ለመናገር ብቻ ከዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ አድማጩ ተናጋሪው እስኪጨርስ አይጠብቅም። ከአተነፋፈሱ፣ ከድምፁ አወራረድ፣ ከዓይኑ አንስቶ መጨረሻውን ቀድሞ ይገምታል፣ መልሱንም እያሰናዳ ያደምጣል። ሁለት ሰው ወግ ሲይዝ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እየሠሩ ነው።

ኢንተርኔቱ እዚህ መሐል ይገባል። የቴሌኮም መሐንዲሶች በዓለም አቀፍ መመሪያቸው ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመርጣሉ፤ 400 ሲያልፍ ከናካቴው አይመክሩትም። ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ግን ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ በደከመ ዋይፋይ፣ በኢሞ ወደ ገጠር ስትደውል እነዚህን ቁጥሮች የሚያከብርላት የለም። እናት ትጠይቃለች፤ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ አንድ ሰከንድ ያልፋል። በመካከሉ እናት «ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው? ደብቀሽኝ ነው?» ትላለች። ልጅቷ ዝም አላለችም። መልሷ ገና መንገድ ላይ ነው። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ በሙከራ አይተውታል። የስልክ መስመሩን ሲያዘገዩት ተነጋጋሪዎቹ ጥፋቱን ከመስመሩ ይልቅ ከሰውየው ላይ አደረጉት፤ ልቡ እዚህ አይደለም፣ ትኩረት አይሰጥም አሉት። ከቤተሰብ ጋር አውርተው ስልኩን ከዘጉ በኋላ ያለ ምክንያት ቅር ብሏቸው የሚያድሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ለቅሬታቸው የሚበዛውን ድርሻ ያበረከተው ኔትወርኩ እንደሆነ ቢያውቁ ጥሩ ነበር።

ዓይንም እንዲሁ ነው። ካሜራው ከስክሪኑ በላይ ስለተቀመጠ የእናቱን ዓይን የሚያይ ሰው ለእናቱ ወደ ታች የሚያይ ይመስላል። ካሜራውን ቢያይ ደግሞ እናቱን አያያትም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መተያየት አይችሉም።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይገጥማሉ። በአካል መገኘት ዋጋው ሌላው ሰው በእኔ መኖር የተነሳ በዚያው ቅጽበት መለወጡ፣ እኔም በእርሱ መለወጤ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ የእንግዳውን ሸሚዝ፣ መላጣ፣ አብራው የመጣችውን ሴት አይቶ እዚያው ግጥም ያወጣለታል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ሲወረውርለት አዝማሪው ያንኑ አንስቶ ያዜመዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ያው አዝማሪ በዩቲዩብ አለ፤ ድምፁም ይጠራል። ነገር ግን ሊሰድበን አይችልም።

ይህ ነገር በጣም ጠንክሮ የሚታየው ሕፃናት ላይ ነው፤ ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችንም በቀጥታ ይነካቸዋል።

ሕፃን ሲወለድ የየትኛውንም ቋንቋ ድምፆች ለይቶ የመስማት ችሎታ አለው። አንድ ዓመት ሲጠጋ ዙሪያውን በማይሰማቸው ድምፆች ላይ ጆሮው እየደነዘ ይሄዳል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ ፓትሪሺያ ኩል ሲያትል ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ የ9 ወር ሕፃናትን ወስዳ ማንዳሪን ቻይንኛ አሰማቻቸው። አንደኛው ቡድን 12 ጊዜ፣ በየጊዜው 25 ደቂቃ፣ የማንዳሪን ተናጋሪ ምንጣፍ ላይ አብራው ተቀምጣ በአሻንጉሊትና በመጽሐፍ አጫወተችው። ሌላው ቡድን እነዚያኑ ተናጋሪዎች በዲቪዲ አየ፤ ሦስተኛው ድምፃቸውን ብቻ ሰማ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት ጥርት ያለ ነበር። በአካል የተጫወቱት ሕፃናት እንግሊዝኛ የማይለያቸውን ሁለት የማንዳሪን ድምፆች ለዩ። ዲቪዲ ያዩትና ድምፅ የሰሙት ግን ማንዳሪን ሰምተው ከማያውቁ ሕፃናት አልተሻሉም። ያው ሰው፣ ያው ቃል፣ ያው ሰዓት፤ ትምህርቱ ግን ዜሮ።

አማርኛ ይህን ጉዳይ በደንብ የሚያሳይ ቋንቋ ነው። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጨ እና ቸ የሚለዩት በጉሮሮ በሚታፈንና በሚፈነዳ አየር ነው፤ እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት አይጠቀምበትም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አባት ልጁን በታብሌት የፊደል ዘፈን ፊት አስቀምጦ ወጥ ሲሠራ ድርሻውን የተወጣ ይመስለዋል። ዘፈኑ አይጎዳም፤ ትልልቆቹን ልጆች ፊደል ያስቆጥራቸዋል። ለሕፃን ጆሮ ግን «ቂጣውን ቁረጭልኝ» እያለች ልጇን የምታዋራ፣ ሕፃኑ ዞር ሲል አብራ ዞር የምትል አያት ትበልጣለች።

አሁን ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ ውጤት አለ፤ ደራሲዎች አመቺ ስላልሆነ ሲዘልሉት አያለሁ። ሳራ ሮዝቤሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ ሁለት ዓመት የሞላቸው ልጆች አዲስ ግስ ከተቀዳ ቪዲዮ መማር አቃታቸው፤ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ከሚያናግራቸው ሰው ግን በአካል ካለው እኩል ተማሩ። ስክሪኑ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም ማለት ነው። ወሳኙ ከወዲያ ያለው ሰው ለልጁ መልስ መስጠቱ ነው። አዲስ አበባ ያለች አያት በየሳምንቱ ቅዳሜ በቪዲዮ «እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው? እስቲ አሳየኝ» ብትል ከመቶ የፊደል ዘፈን ትበልጣለች፤ ኔትወርኩ ከፈቀደ።

ሁለተኛው ውጤት ይበልጥ ያስገርማል። የኩል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ማንዳሪን የሚናገሩ ሰዎችን ቪዲዮ ለ9 ወር ሕፃናት አሳየ። በዚህ ጊዜ ከፊሎቹ ብቻቸውን፣ ከፊሎቹ ከሌላ ሕፃን ጋር ሆነው ነበር የሚያዩት። ቪዲዮው አንድ ነው። ጓደኛ አጠገባቸው የነበሩት ሕፃናት አንጎል ግን የመማር ምልክት አሳየ። አጠገብ ያለው ሌላው ሕፃን ማንዳሪን አያውቅም፣ የሚያስተምረው ነገርም የለም። መኖሩ በቃ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀብር አያያዝ ነው። ኢንተርኔት ሳይስፋፋ በፊት የቀብር ሥነ ሥርዓት በቪዲዮ ካሴት ተቀርጾ ውጭ ላሉ ልጆች ይላክ ነበር፤ ዛሬ በቀጥታ ይተላለፋል። ቀብሩ በአዲስ አበባ ከቀኑ 6 ሰዓት ከሆነ በአሜሪካ የበጋ ወራት ዋሽንግተን ላይ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ስልኩን ይዞ አልጋው ላይ ብቻውን ሊያይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ወዳጆች ሌሊቱን መጥተው ስርጭቱ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ይከፈታል፤ አሥራ አምስት ሰው አብሮ ያያል፣ አብሮ ያለቅሳል። ቪዲዮው መቋረጡ አይቀርም፣ ቀራጩም ካሜራውን ሲያንጋድድ መሬት መሬቱን ያሳያል። አጠገብ ያለው ሰው ግን አይቋረጥም።

እድር ይህን ሁሉ ከስሌት አስገብቶ የተሠራ ተቋም ይመስለኛል። ገንዘብ ማዋጣት ብቻ ዓላማው ቢሆን ኢንሹራንስ ይበቃ ነበር። በብዙ እድሮች ደንብ ግን ወርኃዊ መዋጮ ለብቻው ነው፣ ቀብር ላይ አለመገኘት ደግሞ ለብቻው ያስቀጣል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ መዋጮውን ከየትም ሆኖ መክፈል ቀሏል፤ ለድንኳን ተካዩ፣ ለአግዳሚ ተሸካሚው፣ ለአስተናጋጁ ግን የሚላክ ቴሌብር የለም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በቴሌግራም ቡድን ቢተካም የሚጠራው ያንኑ እግር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ የማጽናኛ መልእክት በአንድ ጣት ለመቶ ሰው ይላካል። ሰውነት ግን አይባዛም፤ እዚህ ከሆነ እዚያ የለም። ሐዘንተኛው ድንኳኑን ቀና ብሎ ሲያይ የሚቆጥረው ያንን ነው፤ ሥራውን ጥሎ የመጣ፣ ሱቁን የዘጋ፣ ከደብረ ብርሃን ሌሊት የተነሳ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል ብዙ ሰው ከሕመሙ እኩል የፈራው ይህን ነበር። ያለ ሰው መቀበርንና ያለ ሰው መቅበርን።

ቢሆንም መገኘት ብቻውን ተአምር አይሠራም። ስፔን ውስጥ ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በምትባል መንደር በየዓመቱ ሰኔ ውስጥ ሰዎች በባዶ እግራቸው ፍም ላይ ይራመዳሉ። ተመራማሪዎች የሚራመዱትንም የሚያዩትንም የልብ ምት ለኩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። የሚራመደው ሰው ዘመዶችና ወዳጆች ተቀምጠው ሳለ ልባቸው ከእርሱ ልብ ጋር አብሮ ወጣ፣ አብሮ ወረደ። ያንኑ እሳት በዚያው ሥፍራ ያዩ ባዕዳን ልባቸው በራሱ መንገድ ሄደ። ድንኳን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ቲክቶክ የሚያይ ሰው ከቅጣት ድኗል እንጂ ለቅሶ ደርሷል ለማለት ይከብደኛል። ካርታ የሚጫወቱት ይሻላሉ። እነርሱ ቢያንስ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ሐዘንተኛውም ሲመጣ ቦታ ይለቁለታል።

ልማዱን እስካሁን ማወደሴ የሚያስከትለው አንድ አደጋ ስላለ ሳልነካው አላልፍም። መርዶ በአካል ይነገር የሚለው ሥርዓት ብዙ ጊዜ ሕመምን ከመደበቅ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። «እንዳይደነግጥ»፣ «ትምህርቷን እንዳታቋርጥ» እየተባለ የእናት ካንሰር ለወራት ይደበቃል። ልጅቷ በየእሁዱ በቪዲዮ ስትደውል ካሜራው እናትየዋን ደገፍ ካለችበት ትራስ ላይ፣ ሻሿን አሳምራ ያሳያታል። ከዚያ አንድ ቀን በር ይንኳኳል። እነዚህ ሁለት ነገሮች የአንድ ልማድ ገጽታ ተደርገው መታየት የለባቸውም። መርዶን ለአንድ ሌሊት ማቆየት ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። ሕመምን ለስድስት ወር መደበቅ ግን ልጅቷን ከእናቷ ጋር በአካል የምትቀመጥበትን ብቸኛ ጊዜ ይቀማታል። ያን ሁሉ ጊዜ ስልክ በእጃችን ነበር፤ ለዚህ ለዚህማ ፍጥነቱ ያስፈልገን ነበር። እናት ስትታመም በዚያው ቀን ይደወል፣ የምርመራው ውጤትም ሳይሸፋፈን ይነገር። ልጅቷ ፈቃድ መጠየቅ፣ ትኬት መቁረጥ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ካልተስተካከለም ጠበቃ ማናገር አለባት፤ ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል።